ጨርቁ የጠጣው ባሕር

ሄለን ፍራንከንታለር «ተራሮችና ባሕር»ን በ1952 እ.ኤ.አ. ስትሥል ገና 23 ዓመቷ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ጠረፍ ሰንብታ፣ ገደሉንና ውኃውን በውኃ ቀለም ስትነድፍ ነበር። ኒውዮርክ ስትመለስ ግን ያየችውን ልገልብጥ አላለችም። ወደ ሦስት ሜትር የሚጠጋ ሸራ ወለል ላይ ዘረጋች፤ በከሰል ጥቂት መስመር ጫረችና በተርፐንታይን ያቀጠነችውን የዘይት ቀለም አፈሰሰችበት።

ሸራው መደብ ቀለም አልተቀባም። ስለዚህ ቀለሙ ላዩ ላይ አልተጋገረም፤ ቡና ነጠላ ላይ ሲደፋ እንደሚሆነው ወደ ክሩ ሰረገ። ቀረብ ብሎ ላየው፣ ቀለሙ ከቆመበት አልፎ ዘይቱ ብቻውን የተጓዘበት ደብዛዛ ጠርዝ አለ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ ይህ ጠርዝ ነው።

«ታዲያ ባሕሩ የቱ ጋ ነው?» የሚል ተመልካች አይጠፋም። ሰማያዊውን አይቶ «ይኸውና» ማለት ይቻላል፤ ስሕተትም አይደለም። በእኔ እምነት ግን ባሕሩ ያለው በአንድ ቀለም ውስጥ ሳይሆን በአሠራሩ ነው፤ ፈሳሹ በከፊል በእጇ፣ በከፊል በራሱ ፈቃድ ሄዷል። ከሰሉ ድንበር ያበጃል፣ ቀለሙ ይጥሰዋል። ማዕበልና ዳርቻም ሥራቸው ይኸው ነው።

በ1953 ሠዓሊዎቹ ሞሪስ ልዊስና ኬኔት ኖላንድ ስቱዲዮዋ ድረስ መጥተው አዩት፤ የሁለቱም አሣሣል ከዚያ ወዲህ ተለወጠ። ሥዕሉ ለረጅም ዘመን በውሰት የተቀመጠው በዋሽንግተኑ ብሔራዊ የሥዕል ጋለሪ ነው። መግቢያው ነጻ ነውና በዚያ አካባቢ የምትኖሩ፣ መሰቀሉን ጠይቃችሁ ሂዱና እዩት።