«የሰው ወርቅ» ሲያደምቅ

«የሰው ወርቅ አያደምቅም» ይላል አገሩ። አባባሉ ያረጀ ቢሆንም ዛሬም ከከተሜው አፍ አልወረደም። ይሁንና ጠዋት ታክሲ ጥበቃ ከተሰለፈው ሕዝብ መካከል እየዞረ «ይህን ጃኬት ከየት ገዛኸው? ይህን ሹራብ ከየት አመጣሽው?» ብሎ የሚጠይቅ ቢገኝ፣ እውነቱን የሚነግረው ስንቱ ይሆን? መልሱ የታወቀ ነው። «እህቴ ከአሜሪካ ልካልኝ ነው።» «አጎቴ ከጣልያን ሲመጣ ይዞልኝ ነው።» ሰልባጅ ነው የሚል አይገኝም። ሰልባጅ ሻጩ ግን ሸራውን ባዶ አድርጎ ወደ ቤቱ ይገባል።

እኔም ከዋሾዎቹ አንዱ ነኝ። እናቴ «የሞተ ሰው ልብስ ከደጄ እንዳይደርስ» የምትል ሴት ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሐምሌ ላይ፣ ብርዱ ትከሻዋን ሲይዛት ከመርካቶ ክምር ውስጥ አንድ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ካፖርት አገኘሁላት። አሳጥቤ፣ አስተኩሼ፣ «አንድ ወዳጄ ከውጭ ይዞልሽ መጣ» ብዬ ሰጠኋት። መርቃ ለበሰችው። ምርቃቱ ግን ለእኔ ሳይሆን ለሌለው ወዳጄ ነበር። ስለ ሰልባጅ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው የሚቆረቁረኝ ውሸት ነው።

በመጀመሪያ ስሙን እንየው። «ሰልባጅ» ከእንግሊዝኛው «ሳልቬጅ» የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ ከመርከብ አደጋ ወይም ከእሳት የተረፈ ዕቃ ማለት ነው። ለአማርኛ ጆሮ ግን ድምፁ «ሰለበ»ንና «ሰላቢ»ን ያስታውሳል። የዳነው ነገር የተሰለበ መስሎ ይሰማል። ስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን በማሰሪያው ስም «ሚቱምባ» ይሉታል፤ ቦንዳዎች እንደ ማለት ነው። ጋናውያን ደግሞ «ኦብሮኒ ዋዉ» ብለውታል፤ የሞተ ነጭ ልብስ። እናቴ አክራን በካርታም አታውቃት፤ ቃሉ ግን አንድ ነው። ሰው ካልሞተ በቀር እንዲህ ያለውን ደህና ልብስ እንዴት ይጥለዋል? ልብስ እስኪነትብ የሚለበስበት አገር ሰው ሁሉ የሚያስበው ይህንኑ ነው።

ወደ ገበያው እንግባ። ቦንዳ በሚፈታበት ማለዳ ቀድሞ የሚመርጠው ባለ ሱቁ ነው። ምርጥ ምርጡን ወስዶ፣ አጥቦና ተኩሶ በመስቀያ ያንጠለጥለውና ዋጋውን ይሰቅለዋል። የተረፈው ሸራ ላይ ይዘረገፍና «አማርጥ! አማርጪ! ሁሉም በአንድ ዋጋ!» ይባልበታል። አዋቂ ገዢ ከዚህ ክምር ውስጥ የሚፈልገው ከዓይኑ ይልቅ በጣቱ ነው። ቀለም ያታልላል፤ ጨርቅ ሲዳሰስ ግን አይዋሽም። ከዚያ ብብቱን፣ ኮሌታውን፣ የእጅጌውን ጫፍ፣ የሱሪውን መቀመጫ ይመረምራል። ወደ ብርሃን አንሥቶ ብል በልቶት እንደሆነ ያያል። ዚፑን ሁለት ሦስት ጊዜ ያመላልሳል። «ንጹሕ ሱፍ ነው» የተባለውን ከተጠራጠረ ከውስጥ ስፌቱ አንዲት ክር መዝዞ ክብሪት ይለኩስባታል። ሱፍ እንደ ፀጉር ሸትቶ ዐመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። ዋጋ ሲጠይቅም የወደደውን ልብስ በግራ እጁ ቸል ብሎ ይዞ፣ ያልወደደውን በቀኙ ከፍ በማድረግ «ይኼ ስንት ነው?» ይላል።

ቀሪው የልብስ ሰፊው ፈንታ ነው። በረንዳ ላይ ሲንጀሩን የዘረጋው ባለሙያ ወገብ ያጠባል፣ እጅጌና እግር ያሳጥራል። ትከሻው ካልሆነ ግን «ይህን ባትነካው ይሻልሃል» ብሎ ይመልስሃል። ትከሻው ልክ ያልሆነ ኮት ቢቆረጥም ቢቀጠልም የሌላ ሰው ኮት ሆኖ ይቀራል። ይህን ሕግ እኔ የተማርኩት በሁለት የተበላሹ ኮቶች ነው።

እንግዲህ የሰልባጅ ደስታ ከርካሽነቱ ብቻ የሚመጣ አይደለም። አዲስ ልብስ በሚሸጥበት መደብር ውስጥ ከእኛ በፊት የመረጡልን አሉ። የዘመኑን ቀለም ወስነዋል፣ ዋጋውን ለጥፈዋል፣ ስሙን ደረቱ ላይ በትልቁ ጽፈዋል። ሸራው ላይ ግን ጥሩውና መናኛው ተደባልቆ በአንድ ዋጋ ተጋድሟል። ልዩነቱን የሚያወጣው የገዢው ዓይንና እጅ ነው። በዚህ ከተማ ውስጥ ድሃ የመምረጥን ጥበብ በነጻ የሚማርበት ሌላ ትምህርት ቤት ስለ መኖሩ እጠራጠራለሁ።

ታዲያ ተረቱ ተሸነፈ ማለት ነው? እንደ እኔ ከሆነ ተረቱ የሚናገረው ስለ ውሰት ነው። የተዋሰ ሰው ባለቤቱ በመጣ ቁጥር ይሸማቀቃል። በገዛ ገንዘቡ የገዛ፣ በገዛ ዓይኑ የመረጠ ግን ለማን ይሸማቀቃል? ደግሞስ የታላቁን ሱሪ ታናሹ ሲለብስ ያደግን፣ «ልዋጭ!» ባዩን ጠርተን አሮጌ ልብስ በሳሕን የለወጥን፣ ምናለሽ ተራ አሮጌው ቆርቆሮ ምድጃ ሆኖ ሲነሣ ያየን ሰዎች፣ ያገለገለ ዕቃ አዲስ ነገር የሆነብን ከመቼ ወዲህ ነው?

ነገር ግን ሙገሳውን እዚህ ላይ መግታት ያስፈልጋል። በአገራችን ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት ክልክል ሆኖ ኖሯል፤ ቦንዳው ግን በኮንትሮባንድ መንገድ ይመጣል። የክልከላው ምክንያት ቀላል አይደለም። ተጥሎ የመጣ ልብስ ካለ የአገር ውስጡን ፋብሪካ ጨርቅ ማን ይገዛል? የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮችም እ.ኤ.አ. በ2016 ያገለገለ ልብስን ቀስ በቀስ ለማስቀረት ተስማምተው ነበር። ሩዋንዳ በኪሎ 20 ሳንቲም የነበረውን የዶላር ቀረጥ ወደ 2 ዶላር ከ50 አሳደገች። አሜሪካ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2018 የሩዋንዳ ልብስ ያለ ቀረጥ ወደ ገበያዋ የሚገባበትን ዕድል አገደች። ያረጀ ሸሚዝ ያን ያህል ኃይል አለው ብሎ ማን ይገምት ነበር?

ባለፈው ዓመት ከአንድ ክምር ውስጥ ነጭ ሸሚዝ መዘዝኩ። ስፌቱ ጥብቅ፣ ቁልፉ ያልጎደለ ነበር። ኮሌታው ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ሳነብ «በኢትዮጵያ የተሠራ» ይላል። ሸራው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ አንድ የጥናት ማእከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጽሑፍ የኢትዮጵያ የልብስ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደሆነና በዓለም ዝቅተኛው መሆኑን ገልጿል። ያችን ሸሚዝ የሰፋችው ልጅ የት እንደ ሰፋቻት አላውቅም። ሸሚዟ ግን ባሕር ተሻግራለች፣ የማላውቀው ሰው ለብሶ ጥሏታል፣ በቦንዳ ታስራ ተመልሳለች። የሰፋቻት ልጅ አዲሷን መግዛት ሳትችል ኖራ፣ አሮጌዋን ከሸራ ላይ ብትገዛት «የሰው ወርቅ ለበሰች» ልንላት ነው?

የአገር ውስጥ ፋብሪካ ይጠበቅ የሚለው ክርክር እውነት አለው። ጎዶሎ የሚሆነው ግን ሰፊዋ የሰፋችውን መግዛት ሳትችል ሸራውን ብቻ ስናባርር ነው። ሰልባጅ ለባሹም ዕዳ አለበት። ጨርቁን ሲዳስስ ስፌቱን ማየት ከተማረ፣ ከስፌቱ ጀርባ ያለችውን እጅ ማየትም ይችላል።

ሸሚዟን ገዛኋት። በዚያው ሳምንት እናቴ ዘንድ ሄጄ የካፖርቱን እውነት ተናገርኩ። ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ያኔ ሲገባ በጠረኑ ያላወቅሁት መሰለህ?» አለች። «ስንት ብለህ ገዛኸው?»

ነገርኳት።

«ተበልተሃል!» አለችኝ።