ስለ ሕመም ምልክቶች አተረጓጎም፤ «ብዥታ» እና «መቅላት»

የሰውነት መከላከያ ኃይል በገዛ ራሱ አካል ላይ ሲነሣ ስለሚመጣው የደም ሥር ብግነት ወደ አማርኛ የተተረጎሙ ጥቂት ጽሑፎችን ተመልክተናል። ተርጓሚዎቹ ለበሽታው ስያሜ ብዙ ደክመዋል። «ብግነት» የሚለውን መምረጣቸውንም እንደግፋለን፤ ቃሉ መጋልንና መቆጣትን እንጂ የጀርም መግባትን አያመለክትምና። ለምልክቶቹ ግን ይህን ያህል አልተጨነቁም። በዓይን ላይ የሚደርሰው ሁሉ «ብዥታ» እና «መቅላት» በተባሉ ሁለት ቃላት ተጠቃሎ ታልፏል።

ለምሳሌ ያህል ከ50 ዓመት በላይ የሆኑትን ሰዎች የሚይዘውን፣ «ጃያንት ሴል አርተራይቲስ» የተባለውን የደም ቅዳ ብግነት እንውሰድ። ወደ ዓይን የሚሄደው ደም ሲታወክ አንደኛው ዓይን ለጥቂት ደቂቃዎች ጨልሞ ሊመለስ ይችላል። ራስ ምታት፣ ፀጉር ሲያበጥሩ የራስ ቆዳ ማመም፣ ሲያኝኩ የመንጋጋ መዛል አብረው የሚታዩበት ጊዜ አለ። ሕክምናው በአስቸኳይ ካልተጀመረ ብርሃኑ እንደ ጠፋ ሊቀር፣ ሁለተኛውም ዓይን በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሊከተል ይችላል። ሐኪሞች ይህን ምልክት «አማውሮሲስ ፉጋክስ» ይሉታል፤ የግሪክኛውን «መጨለም» ከላቲኑ «ሸሺ» ጋር ያጣመረ ስም ነው። ከጽሑፎቹ አንዱ «ጊዜያዊ የእይታ ብዥታ» ሲል ተርጉሞታል። ብዥታ ግን የሚታየው ነገር ሳይጠፋ መደብዘዙ ነው፤ አንባቢውን መነጽር ያስገዛው እንደ ሆነ እንጂ ዕለቱን ወደ ሐኪም አያስሮጠውም። በሽተኛው ራሱ «አንድ ዓይኔ ጭልም ብሎብኝ ተመለሰ» ይላል። በ«አለ» የሚረባው ይህ ግሥ ድንገተኛነቱንም አጭርነቱንም ይዟል፤ ተርጓሚው ከደጁ ያለውን ትቶ ሩቅ ሄዷል።

«መቅላት»ም ከዚህ አይሻልም። ጭስ የገባበት ዓይንም ይቀላል። ስክሌራይቲስ፣ ማለትም የነጩ የዓይን ክፍል ብግነት፣ ቀድሞ በቬገነር ስም ይጠራ ለነበረው የደም ሥር ብግነት የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። (የሐኪሙ ከናዚ ፓርቲ ጋር የነበረው ግንኙነት ከታወቀ በኋላ በ2011 እ.ኤ.አ. የሙያ ማኅበራት ስያሜውን በገላጭ ስም መለወጣቸው ለስያሜ ሠራተኞች ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።) የዚህ ዓይን ቅላት ወደ ወይን ጠጅ ሊያደላ ይችላል፤ ሕመሙም ከውስጥ የሚጠዘጥዝ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ነው። በእኛ አስተያየት «ስክሌራይቲስ»ን እንዳለ መዋስ ይቻላል፤ «የሚጠዘጥዝ» የሚለው ግን ከትርጉሙ ሊቀር አይገባውም ነበር።