ያልተሠራው ስድስተኛ ጨዋታ፤ የባዕድ ጀግኖች ጉባዔና የወለጋ ተረት

ሂስ ዘወትር የሚሰነዘረው በተጻፈ መጽሐፍ፣ በተሣለ ሥዕል ወይም በመድረክ በታየ ተውኔት ላይ ነው። ገና ባልተሠራ ሥራ ላይ መሰንዘሩ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ሆኖም በዛሬው ዘመን እጅግ ብዙ ወጣቶች በጋራ የሚያልሙት፣ ገጸ ባሕርያቱን የሚሥሉለት፣ መድረኩን የሚነድፉለት፣ ስለ ሕጉም የሚከራከሩበት፣ ነገር ግን በየትኛውም ሱቅ የማይገኝ አንድ ሥራ አለ። ይኸውም «ሱፐር ስማሽ ብሮስ» የተባለው የጃፓን የቪዲዮ ጨዋታ አድናቂዎች በምናባቸው የፈጠሩት ስድስተኛ ክፍል ነው። ሥራው ባይኖርም ምኞቱ አለ፤ ምኞትም ቅርፅና ይዘት እስካለው ድረስ ሊመረመር ይገባዋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የተከታታዩ አነሳስ ራሱ ትምህርት አለው። ማሳሂሮ ሳኩራይ የተባለው ጃፓናዊ የጨዋታ ቀማሪና የሥራ ባልደረባው ሳቶሩ ኢዋታ በመጀመሪያ የሠሩት ስምና ፊት የሌላቸው ምስሎች የሚፋለሙበትን ሙከራ ነበር። ማን እንደሆኑ የማይታወቁ ተፋላሚዎች የተመልካችን ልብ እንደማይስቡ የተገነዘበው ሳኩራይ፣ የኒንቴንዶ ኩባንያ ንብረት የሆኑትን የታወቁ ገጸ ባሕርያት አስቀድሞ ፈቃድ ሳይጠይቅ በሙከራው ውስጥ አስገባቸው። ፈቃዱ የመጣው ኋላ ነው። እንግዲህ በ1999 የወጣው የመጀመሪያው ክፍል መሠረቱ ዛሬ አድናቂዎች የሚያደርጉት ያው ድፍረት ነበር ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ደፋሪው የቤቱ ሰው መሆኑ ላይ ነው።

በዚያ ክፍል የነበሩት ተፋላሚዎች 12 ብቻ ነበሩ። በ2001፣ በ2008ና በ2014 የወጡት ክፍሎች ቁጥሩን እያሳደጉ ሄዱ፤ በታኅሣሥ 2018 የወጣው አምስተኛው ክፍል ደግሞ ቀድሞ የታዩትን ሁሉ ሳያስቀር ሰብስቦ፣ በኋላ በተጨመሩት ጭምር 89 አደረሳቸው። የመጨረሻው ተጨማሪ በጥቅምት 2021 የገባው ሶራ የተባለው ገጸ ባሕርይ ነው። በ2015 ኩባንያው ከሕዝብ ድምፅ ሲሰበስብ በጣም የተፈለገው እርሱ እንደነበረ የተነገረው ያን ጊዜ ነው። ከሕዝቡ ድምፅ እስከ ፍጻሜው ስድስት ዓመት የፈጀው፣ ሶራ ዲዝኒ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እጅ ያለበት ገጸ ባሕርይ ስለሆነ ምናብ ብቻውን ሊያንቀሳቅሰው ባለመቻሉ ጭምር ነው። በመጀመሪያው ክፍል መክፈቻ ላይ አንድ ትልቅ እጅ ጀግኖቹን እንደ አሻንጉሊት ከሣጥን አውጥቶ በጠረጴዛ ላይ ሲያቆማቸው ይታያል። የባህል ሸቀጥ ስለ ራሱ የዚህን ያህል ግልጽ ምስል የሰጠበት ጊዜ ብዙ አይደለም።

የጨዋታው ሕግ ግን ከባለቤቶቹ የንግድ ስሌት የላቀ ብልሃት አለበት። በሌሎች የፍልሚያ ጨዋታዎች ተፋላሚው ኃይሉ እየቀነሰ ሄዶ ይወድቃል። እዚህ ግን የተመታው ሰው ከዜሮ የሚነሳ መቶኛ እያደገበት ይሄዳል፤ መቶኛው ባደገ ቁጥር ሲመታ ርቆ ይወረወራል፤ የሚሸነፈውም ከመድረኩ ዳርቻ ተወርውሮ መመለስ ሲያቅተው ነው። ደም የለም፣ ሬሳም የለም። ጥያቄው «ማን ሞተ?» ሳይሆን «ማን ወደ መድረኩ መመለስ ቻለ?» የሚል ነው። በወለጋ ከተሞች ባለፉት ዓመታት እውነተኛ ተኩስ የሰማ ልጅ ፍልሚያን በጨዋታ መልክ ማየቱ ወላጅንም መምህርንም ቢያሳስብ አግባብ ነው፤ ሁሉንም የፍልሚያ ጨዋታ በአንድ ሚዛን መመዘን ግን የሂስ ሥራ አይደለም።

አድናቂው ስድስተኛውን ክፍል ሲያልም ምን ያደርጋል? አብዛኛው ስም ይደረድራል። እገሌ ይግባ፣ እገሊት ትጨመር ይላል፤ ዝርዝሩ መቶ ያልፋል። ይህ የምኞቱ ደካማ ጎን ነው። ብዛት ጥበብን ሲተካ ሥራው ከመጋዘን መዝገብ አይለይም፤ «ሁሉም ተሰብስቧል» ከተባለ በኋላ ደግሞ በመደመር ብቻ የሚቀጥል መንገድ የለም። ስለዚህ ከአድናቂዎቹ መካከል ሊመሰገኑ የሚገባቸው ጥቂቶቹ፣ ማን መውጣት እንዳለበት የሚናገሩት ናቸው። ተውኔት የጻፈ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የሚወደውን ገጸ ባሕርይ ከመድረክ ያላስወጣ ደራሲ ሦስተኛውን ገቢር አይጨርስም።

ከዝርዝሩ አልፈው የሚሄዱት አድናቂዎች ግን ከባድ የጥበብ ፈተና ውስጥ ይገባሉ። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ተፋላሚ አራት ልዩ ክንውኖች አሉት፤ አንዱ በቆመበት፣ አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱም ወደ ታች። ወደ ላይ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ የተወረወረውን ወደ መድረክ የሚመልሰው ነው። እንግዲህ በምናቡ አዲስ ጀግና የሚያስገባ ወጣት፣ የዚያን ጀግና ሙሉ ባሕርይ በአራት ድርጊት መግለጽ ይጠበቅበታል። ያለ ንግግር፣ ያለ ተራኪ፣ በእንቅስቃሴ ብቻ! ብዙ የመድረክ ጽሑፎቻችን በአርባ ገጽ ቃለ ተውኔት የሚስቱትን የባሕርይ ጥራት አንዳንድ ያልታወቁ ወጣቶች በእርሳስ በተሣለ አንድ ወረቀት ላይ ሲያገኙት ይታያል።

ነገሩ ለነቀምቴ ምኗ ነው? የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ በየመንደሩ ያለው የፕሌይስቴሽን ቤት ወጣቱን የሚሰበስበው በዋናነት በእግር ኳስ ጨዋታ ነው፤ የኒንቴንዶ መሣሪያ የቅንጦት ዕቃ ነው። ከ2020 መጀመሪያ እስከ መጋቢት መጨረሻ በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ በመስመር ላይ የሚሸጥ ተጨማሪ ተፋላሚ ቀርቶ ሰላምታ እንኳ አይደርስም ነበር። ሆኖም ማሪዮንና ፒካቹን መሣሪያውን ነክቶ የማያውቀው ልጅ ጭምር ያውቃቸዋል፤ በቦርሳ፣ በካናቴራና በደብተር ሽፋን ላይ አሉ። በአንጻሩ የአያቱን ተረት ጅብ በሥዕል አይቶት አያውቅም። ይህ ልዩነት ነው አነጋጋሪው።

የተለያዩ ታሪኮች ጀግኖች በአንድ መድረክ መገናኘታቸው የጃፓን ፈጠራ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። በወለጋ የእሳት ዳር ተረት ውስጥ አንበሳው፣ ጅቡ፣ ቀበሮውና ጥንቸሏ የአንድ ታሪክ ንብረት አይደሉም። ትናንት ማታ የተታለለው ጅብ ዛሬ ማታ በሌላ ተራኪ አፍ ሌላ ታሪክ ውስጥ ይመጣል፤ አድማጩም ስግብግብነቱንና ሞኝነቱን ስለሚያውቅ ማስተዋወቂያ አያሻውም። ቀበሮውን ለምሳሌ በአራቱ ክንውን ብናስበው፣ በቆመበት ሽንገላ፣ ወደ ጎን ሽሽት፣ ወደ ታች የሞተ መምሰል፣ ወደ ላይ ደግሞ የታመመ መስሎ በጅቡ ጀርባ ላይ መውጣት። የሚያድነው የጠላቱ ጉልበት ይሆናል ማለት ነው። ይህ ከብዙዎቹ የ89ኙ ተፋላሚዎች የበለጠ ባሕርይ አለው።

ይህ ሀብት ያለ ሰብሳቢ የቀረም አይደለም። ከባርነት ነፃ ወጥታ በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረችው አስቴር ጋኖ፣ 500 ያህል የኦሮሞ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን በቃል ከምታውቀው ጽፋ አሰባስባለች። ከፊሎቹ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጀችውና በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማስተማሪያ ውስጥ ገብተዋል። ሁለቱም በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምቴ አስተማሩ፤ ኦነሲሞስ በ1931፣ አስቴርም በ1964 አረፉ። በአጋጣሚ በስማሽ ብሮስ ከተጋበዙት ጥቂት የአውሮፓ ገጸ ባሕርያት አንዱ ከስዊድን የመጣው የማይንክራፍት ሰው ነው። የስዊድን ማተሚያ የእኛን ጅብ ያተመው እርሱ ከመፈጠሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ነበር።

በዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው፣ ምኞቱ ወደ ታሪክ ሰዎች እንዳይዞር ነው። ሞሮዳ በከሬን፣ ጆቴ ቱሉን ወይም በ1882 በእምባቦ የተዋጉትን አዛዦች በአሻንጉሊት መልክ ማፋለም፣ ዛሬም በየወገኑ የሚያነታርክን ቁስል ለጨዋታ ማቅረብ ነው። የጃፓኑ ተከታታይ ራሱ እውነተኛ የታሪክ ሰው አስገብቶ አያውቅም፤ በዚህ ረገድ አስተዋይ ነው። ሁለተኛው ጥንቃቄ የመድረክ ምርጫን ይመለከታል። በሆሮ ጉዱሩ የሚገኘው ኦዳ ቡሉቅ ሕግ የሚደነገግበትና የተጣላ የሚታረቅበት ዛፍ ነው፤ ምንም ያህል ለዓይን ቢያምር የፍልሚያ ሜዳ ሊሆን አይገባም። የቱሉ ወለል ጫፍ ወይም የደዴሳ ሸለቆ ይበቃል።

ከሁሉ የሚከብደው እንቅፋት ግን በጨዋታው ደንብ ውስጥ ተቀምጧል። ሳኩራይ ደጋግሞ እንደገለጸው ወደ ስማሽ ብሮስ የሚጋበዘው በቪዲዮ ጨዋታ የተወለደ ገጸ ባሕርይ ብቻ ነው። እንግዳ ለመሆን አስቀድሞ የራስ ቤት ያሻል። ከ89ኙ መካከል በአፍሪካ ከተሠራ ጨዋታ የመጣ አንድም የለም፤ ኩባንያው የንቀት በር ዘግቶ ይሆናል ቢባል እንኳ፣ በሩን የሚያንኳኳ ባለቤት መኖሩ አስቀድሞ መታየት አለበት። በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ ከመታረድ የምትሸሸውን ዶሮ «ኩኩሉ» ብሎ በስልክ ጨዋታ ማቅረቡ፣ ኢታን ኮሚክስም ከ2018 ጀምሮ «ጀምበር»ን፣ ቀጥሎም ስሟ በኦሮምኛ ምኞት ማለት የሆነውን «ሐዊ»ን በሥዕላዊ መጽሐፍ ማውጣቱ ጅምሩ የሚቻል መሆኑን ያሳያል። ሁለቱም ትናንሽ ሥራዎች ናቸው፤ የኩኩሉ ዶሮ ግን ከብዙ የተውሶ ጀግና ይልቅ የበዓል ዋዜማን ጓሮ ታውቃለች።

የወለጋ ተረት እስካሁን እንዲህ ያለ ቤት አላገኘም። በየከተማው የኪነት ዝግጅት ሲደረግ ውዝዋዜና ገራርሳ ቦታ ያገኛሉ፤ ተረቱ በልጆች ክፍለ ጊዜ ተነቦ ያልፋል፤ ሰዓሊውም የቀበሮውን ፊት፣ የጅቡን አረማመድ፣ የጥንቸሏን አቀማመጥ አንድ ጊዜ ወስኖ ለሁሉ የሚያገለግል መልክ እንዲሰጣቸው የጠየቀው የለም። የውጭዎቹ አድናቂዎች ስድስተኛውን ክፍል የሚያልሙት አብዛኛውን ጊዜ በወረቀትና በእርሳስ ነው። የነቀምቴ መምህርም አንድ ክፍል ተማሪዎችን፣ አንድ የአስቴርን ተረትና አራት ባዶ አራት ማዕዘኖችን ይዞ በዚህ ሳምንት ሊጀምረው ይችላል፤ በመጀመሪያው ቀን ክርክር የሚያስነሳው ጅቡ ወደ ላይ የሚመለስበት መንገድ ይሆናል፣ ጅብ በተረት ውስጥ ጉድጓድ ከገባ በኋላ በራሱ ብልሃት ሲወጣ እምብዛም አይሰማምና።