«አንቺ»

ጎንደር ላይ ወዳጅ ወዳጁን፣ ጢማም ጎረምሳ ቢሆንም፣ «አንቺ፣ የት ጠፋሽ?» ይለዋል። የፍቅር ነው፤ ማንም አይቀየምም። «ወንዳገረድ» ካሉት ግን ዱላ ይመዘዛል።

ስለ ጥቁር አሜሪካዊቷ የመብት ታጋይ ማርሻ ፒ. ጆንሰን የሚተረከው ብዙውን ጊዜ ከድንጋይ ይጀምራል። ወንድ ተብላ ተወልዳ እንደ ሴት የኖረችው ማርሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የኒውዮርኩ ስቶንዎል መጠጥ ቤት ደንበኞች በፖሊስ ላይ ሲያምፁ የመጀመሪያውን ድንጋይ ወረወረች ይባላል። እሷ ራሷ ግን ስደርስ ረብሻው ተጀምሮ ነበር ብላለች። ተራኪዎቹ ይህን መስማት አይፈልጉም፤ ጀግና ያለ ድንጋይ አይጥማቸውማ!

ለእኔ የሚበልጠው ቤቱ ነው። በ1970 ከሲልቪያ ሪቬራ ጋር «ስታር» የተባለ ማኅበር አቋቁማ፣ ራሷ ማደሪያ እያጣች፣ ከየቤታቸው የተባረሩ ልጆችን አስጠግታለች። በ1992 አስከሬኗ ሃድሰን ወንዝ ውስጥ ሲገኝ ፖሊስ ራሷን ገድላለች ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ጓደኞቿ አልተቀበሉትም፤ ምርመራው በ2012 እንደገና ተከፈተ። «ፒ ምንድን ናት?» ሲሏት መልሷ «ልብ አትበሉት» ነበር።

ልብ አለማለቱን እንኳ እኔም አውቅበታለሁ። አንድ ተማሪ ነበረኝ። ጓደኞቹ «ወንዳገረድ» እያሉ ሲያሳድዱት፣ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ስጽፍ ሰምቻለሁ። እሱን «አንቺ» ብሎ በፍቅር የጠራው ሰው ትዝ አይለኝም። በሁለተኛው መንፈቅ አልመጣም።