ልብ አንጠልጣይ በዳግም ንባብ

ልብ አንጠልጣይ የሚባለውን ልብ ወለድ የሚንቁ ሰዎች ዘወትር የሚያቀርቡት ክስ አንድ ነው፤ ምሥጢሩ ከተገለጠ በኋላ መጽሐፉ እንደ ተመጠጠ ሸንኮራ ይጣላል ይላሉ። አሜሪካዊው ሐያሲ ኤድመንድ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1945 በኒው ዮርከር መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ርዕስ ላይ፥ ሮጀር አክሮይድን ማን ቢገድለው ማን ደንታ አለው ብሎ ነበር። ክሱ ለብዙዎቹ መጻሕፍት ይሠራል። ከዚህ ዘርፍ በየጊዜው ከሚታተመው አብዛኛው ለሁለተኛ ንባብ የሚያስተርፈው ነገር የለም። ይሁን እንጂ ዊልሰን ለርዕሱ የመረጠው መጽሐፍ ለክሱ የሚመች ምስክር አልነበረም። ስለ ሁለተኛ ንባብ የሚናገር ሒስ ምሥጢር ሊጠብቅ አይችልምና፥ መጻሕፍቱን ያላነበበ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም አይወቀስም።

አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመችው «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» ታሪኩን የሚተርከው የመንደሩ ሐኪም ዶክተር ሼፐርድ ነው፤ ገዳዩም እርሱው ነው። ተታለልን ብለው ያማረሩ አንባቢዎች ነበሩ። ነገር ግን ተመልሶ ያነበበ ሰው፥ ሐኪሙ ለአንባቢው በግልጽ የዋሸውን ነገር ነቅሶ ማውጣት ይቸግረዋል። ደብዳቤው ወደ ሟቹ ክፍል የገባበትን ሰዓት ይናገራል፤ እርሱ ከክፍሉ የወጣበትንም ሰዓት ይናገራል፤ በመካከሉ ያሉትን ዐሥር ደቂቃዎች ግን በዝምታ ያልፋቸዋል። በመጀመሪያው ንባብ አንባቢው ፍንጭ ፍለጋ ይሮጣልና ያንን ዝምታ አይሰማውም። በሁለተኛው ንባብ ግን መጽሐፉ የመርማሪው የፖይሮ ጀብዱ መሆኑ ይቀርና፥ በሰው ምሥጢር እያስፈራራ ገንዘብ ሲቀበል የኖረ፥ ንግግሩ ግን የታረመ ሰው ኑዛዜ ይሆናል። እኅቱ ካሮላይን የመንደሩን ጓዳ ሁሉ ታውቃለች፤ ማን ከማን ጋር እንደ ታየ ከቤቷ ሳትወጣ ትደርስበታለች፤ በአንድ ጣራ ሥር አብሯት የሚበላውን ወንድሟን ግን አታውቀውም። መጀመሪያ ያሳቀችው ይህች ሴት በኋላ ታሳዝናለች። ፖይሮ እንኳ ለእርሷ ሲል ሐኪሙ ራሱን የሚያጠፋበትን መንገድ ይተውለታል። የመጽሐፉ ጉድለት በሟቹ ላይ ነው። አክሮይድ ሲገደል አንባቢው አያዝንም፤ ሬሳው ለእንቆቅልሹ ሲባል የተቀመጠ ዕቃ ይመስላል። በዚህ ረገድ የዊልሰን ጥያቄ ቦታ አለው።

ምሥጢሩ በወንጀል ላይ ያልቆመ ልብ ወለድም በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይችላል። ኧርሱላ ለ ግዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ለወጣቶች ባሳተመችው «የኧርዝሲ አስማተኛ» ውስጥ፥ ጌድ የተባለው ወጣት ተቀናቃኙን ለማሳፈር ሲል የሙታንን መንፈስ ይጠራል፤ ስም የሌለው ጥላ ወጥቶ ፊቱን ይቦጫጭረዋል፤ ከዚያም ያሳድደዋል። የጥላው ማንነት አስተዋይ አንባቢ ገና በመንገድ ላይ ሳለ የሚገምተው ነው፤ ደራሲዋም ይህ አያስጨንቃትም። በዚያ ዓለም እውነተኛ ስም ይሸሸጋል፤ ስሙን ያወቀ ባለቤቱን ይገዛዋልና። የክርስትና ስሙን ለካህንና ለጸሎት ጠብቆ በሌላ ስም ሲጠራ ያደገ፥ በመተተኛ እጅ እንዳይገባ የተመከረ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ለዚህ ማብራሪያ አያሻውም። ስለዚህ ጓደኛው ቬች እውነተኛ ስሙን ለጌድ የሰጠበት አጭር ትዕይንት ከዘንዶው ትዕይንት ይልቅ ይከብዳል። በዚህ መጽሐፍ ሴቶች ከዳር የቀሩ ናቸው፤ ደራሲዋ እ.ኤ.አ. በ1990 «ቴሃኑ»ን ጽፋ ወደዚያው ዓለም ስትመለስ ሴትን በመካከል አቁማለች።

ፈተናው እጅግ የሚበረታው በስለላ ልብ ወለድ ላይ ነው። ዴቪድ ኮርንዌል በብሪታንያ የስለላ አገልግሎት ሳለ ጆን ለ ካሬ በሚል የብዕር ስም እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተመው «ከብርዱ የመጣው ሰላይ» የበርሊን ግንብ በተሠራ በሁለት ዓመቱ የወጣ ነው። አሌክ ሊመስ የተዋረደና የሰከረ ሰው መስሎ፥ እስር ቤት ድረስ ገብቶ፥ የምሥራቅ ጀርመን ሰዎች እንዲገዙት ይደረጋል፤ ተልእኮው ሙንት የተባለውን የጠላት የስለላ ሹም ማጥፋት እንደ ሆነ ያምናል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ሙንት የለንደን ሰው ነው፤ መጥፋት ያለበት ሙንትን የጠረጠረው ምክትሉ ፊድለር ነው። ኮንትሮል የሚባለው የለንደኑ አለቃ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ሊመስን አስቀምጦ፥ የእኛም የእነርሱም ዘዴ ተመሳስሏል እያለ በለዘበ አንደበት ሲያወጋው፥ አንባቢው የደከመው ሽማግሌ ፍልስፍና ይመስለዋል። ተመልሶ ሲያነበው ይሰቀጥጠዋል፤ ሰውየው እየተናገረ ያለው ስለዚያው ስለ ሊመስ ነውና።

በመጀመሪያው ንባብ አንባቢው የሚሰጋው ለሊመስ ነው። በሁለተኛው ለፊድለር ይሰጋል። ፊድለር አይሁዳዊ ነው፤ በሥርዓቱ ያምናል፤ እውነትን የሚፈልገውም በቅንነት ነው። ያገኘው ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ፥ ያ ትክክለኛ ግኝት የራሱ መክሰሻ ይሆናል። የሚያጠፋውም አይሁድን የሚጠላና ትናንት በሂትለር ወጣቶች ውስጥ የነበረ ሰው ነው፤ የሚጠብቀውም ነፃነትን እጠብቃለሁ የሚለው ወገን ነው። ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ከተጻፉት ብዙ የክርክር ጽሑፎች ይህ ሤራ የበለጠ ይናገራል።

ነቀፌታ የሚገባው በሊዝ ጎልድ ላይ ነው። ይህች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሊመስን ለምን እንዳፈቀረች በቂ ምክንያት አልተሰጣትም፤ ደራሲው እንድታፈቅር አዘዛት፥ አፈቀረች። ኮንትሮል ለሤራው ያስፈለገችውን ያህል ለደራሲውም ለሤራው አስፈልጋዋለች፤ ሁለቱም ፈቃዷን አልጠየቋትም። ግንቡ ላይ በጥይት ስትወድቅ ሊመስ ወደ ምዕራብ መዝለሉን ትቶ ወደ እርሷ መውረዱ ልብ የሚነካ ነው፤ ብዙ አንባቢም መጽሐፉን የሚያስታውሰው በዚህ ነው። የፊድለር ሞት ግን አይታይም። ወደ ግንቡ በሚሄደው መኪና ውስጥ፥ ሊዝ ስትጠይቅና ሊመስ ሲመልስላት፥ በጥቂት ቃላት ተነግሮ ያልፋል።