የሰዓቱ ዋጋና የባለቤቱ ስም

በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) ክሪስቲስ የተባለው ታዋቂ የሐራጅ ቤት በጄኔቫ ከተማ አንድ የወርቅ የእጅ ሰዓት ለጨረታ አቀረበ። ሰዓቱ በ1946/47 ዓ.ም. ገደማ በፓቴክ ፊሊፕ ፋብሪካ የተሠራ፣ የሞዴል ቁጥሩ 2497 የሆነ፣ ቀኑን፣ ወሩንና የጨረቃን መጠን በአንድነት የሚያሳይ ነበር። ተጫራቾች እየተፎካከሩ ዋጋውን ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ አደረሱት። መዶሻው ወርዶ ሽያጩ ጸና።

ይህን ያህል ገንዘብ የተከፈለው ለምኑ ነው? ለወርቁ ነው እንዳንል በዚያ ቀፎ ያለው ወርቅ ብቻውን ይህን ያህል አያወጣም። ለጥበቡ ነው ብንል ግማሽ መልስ ይሆናል። የዚህ ሞዴል ሰዓቶች ቁጥር ሁለት መቶ እንኳ አይሞላም፤ በውስጣቸው ያለው የጥርሶችና የዘንጎች ቅንጅት የትኛው ወር 30፣ የትኛው 31 ቀን እንዳለው፣ የካቲትም በአራት ዓመት አንድ ጊዜ 29 እንደሚሆን ያለ ሰው እገዛ ያውቃል። ይህ በራሱ ውድ ነገር ነው። ነገር ግን ከዚያው ቤት የወጡ፣ ባለቤታቸው ግን ያልታወቀ፣ የዚሁ ሞዴል የወርቅ ሰዓቶች በአብዛኛው የሚሸጡት ከዚህ በብዙ ባነሰ ዋጋ ነው። ልዩነቱን ያመጣው አንድ ስም ነው፤ ሰዓቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1947 ዓ.ም. ኅዳር (እ.ኤ.አ. 1954) ስዊዘርላንድን በጎበኙ ጊዜ ከአገሪቱ መንግሥት የተበረከተላቸው ነው።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ፣ ስም እንዴት ገንዘብ ይሆናል የሚለውና፣ ስሙ ገንዘብ ከሆነ በኋላስ ስሙ ይዞት የመጣው ጥያቄ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው።

በአሮጌ ዕቃ ገበያ ዘንድ ለዚህ ጉዳይ የተለየ ትኩረት አለ፤ የባለቤትነት ሐረግ ልንለው እንችላለን። ሰው የዘር ሐረጉን እንደሚቆጥር ሁሉ ዕቃም ከእጅ ወደ እጅ የተሻገረበት ታሪክ ይቆጠርለታል። በዚህ ረገድ እስከ ዛሬ ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች ቀዳሚው የአሜሪካዊው የፊልም ተዋናይ የፖል ኒውማን ሮሌክስ ዴይቶና ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 በኒው ዮርክ ፊሊፕስ በተባለው የሐራጅ ቤት 17.75 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ሰዓቱ ሲመረት በጥቂት መቶ ዶላር ይሸጥ የነበረ፣ ወርቅ የሌለው የብረት ሰዓት ነው። በጀርባው ላይ ሚስቱ ጆአን ውድዋርድ «በጥንቃቄ ንዳ፣ እኔ ነኝ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል አስቀርጻበታለች፤ ባለቤቷ የመኪና እሽቅድምድም ይወድ ነበርና። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1984 ሰዓቱን ለሴት ልጁ ወዳጅ ለነበረ ወጣት ሰጠው፤ ወጣቱም ከብዙ ዓመት በኋላ አወጣው፤ ከገቢውም ከፊሉ ለበጎ አድራጎት ዋለ። ልብ እንበል፤ እዚህ ሐረግ ውስጥ የተቆረጠ ነገር የለም። ማን ገዛው፣ ለማን ሰጠው፣ እንዴት ወጣ ለሚለው ሁሉ መልስ አለ።

ስም ብቻውን ግን አይበቃም። «ይህ የእገሌ ነበር» ማለት ቀላል ነው፤ ገበያው የሚከፍለው ለማስረጃው ነው። ፓቴክ ፊሊፕ ለጠያቂ ከመዝገቡ ቀድቶ የሚሰጠው ወረቀት ሰዓቱ መቼ እንደተሠራና መቼ እንደተሸጠ ይናገራል እንጂ የገዢውን ስም አይገልጽም። ስለዚህ ስሙን የሚያረጋግጠው ሌላ ነገር ነው፤ ቅርጽ፣ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ የአንድ ሰው ማስታወሻ። አንዳንድ ጊዜም ማስረጃው ራሱ ጉድለት ይሆናል። ተዋናዩ ማርሎን ብራንዶ በቬትናም ጦርነት ፊልም ሲሠራ ያሠረው ሮሌክስ የፊቱ ቀለበት ወልቆ የቀረ፣ በጀርባውም ስሙን በገዛ እጁ የጫረበት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 1.95 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በሌላ ሰው እጅ ቢሆን ኖሮ ቀለበቱ የጠፋ ሰዓት ዋጋው ይወርድ ነበር። በታዋቂ ሰው እጅ ግን ስብራቱ ምስክር ሆነ።

የቻይና የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት የፑዪ ሰዓት ከዚህም የጠነከረ ምሳሌ ነው። ፑዪ በጃፓን ድጋፍ በማንቹኩዎ ዙፋን ላይ ከተቀመጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1945 በሶቪየቶች ተማርኮ በካባሮቭስክ ታሰረ። ሰዓቱን ለአስተርጓሚው ለጆርጂ ፔርምያኮቭ ሰጠው። እንደሚነገረው በእስር ቤት ሳለ ከሥራ መፍታት የተነሣ የሰዓቱ ገጽ የከበረ ማዕድን መሆን አለመሆኑን ለማወቅ አሽከሩን እንዲፍቀው አዞት ነበር፤ ተራ ብረት መሆኑ ሲታይ ፍቀቱ ቆመ። ይህ የተፋቀ ገጽ ያለው ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2023 በሆንግ ኮንግ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ገዢው የከፈለው ለተበላሸው ቀለም ሳይሆን፣ ዙፋን ያጣ ሰው በእስር ቤት ያሳለፈውን ረጅም ቀን የሚያሳይ ምልክት በእጁ ለመያዝ ነው።

ሦስተኛውም ንጉሠ ነገሥት የቬትናሙ ባኦ ዳይ ነው። እርሱም እንደ እኛው ንጉሠ ነገሥት ሰዓት ሁሉ ነገሩ የሚጀምረው በ1954 ጄኔቫ ነው። የኢንዶቻይና ዕጣ በዚያች ከተማ በጉባኤ ሲወሰን ባኦ ዳይ ጥቁር ገጽ ያለው፣ በሰዓት ቁጥሮቹ ቦታ አልማዝ የተተከለበት የወርቅ ሮሌክስ ገዛ። በዓመቱ ከሥልጣን ወረደ። ሰዓቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ 235 ሺህ ዶላር ተሸጠ፤ በ2017 ደግሞ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። በእነዚህ አሥራ አምስት ዓመታት ባኦ ዳይ የተለየ ሰው አልሆነም፤ ስሙም አልከበደም። የተለወጠው ገበያው ነው። ስም እንደ ወርቅ ሚዛን ላይ የሚወጣ ቋሚ ክብደት የለውም፤ ታሪኩን የሚሹ ሀብታሞች ሲበዙ ይከብዳል፣ ሲያንሱ ይቀላል። ይህን የማይቀበል ሰው «ስሙ ይህን ያህል ያወጣል» ሲል ዋጋውን ከታሪኩ ጋር ያምታታል።

ሦስቱንም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ገበያው የወደቀ ዙፋን ይወድዳል። በዙፋኑ ላይ ያለ ንጉሥ ሰዓት በንጉሡ ክንድ ላይ ነው፤ ለሐራጅ አይቀርብም። ለሐራጅ የሚቀርበው ዙፋኑ ከወደቀ በኋላ ነው። ስለዚህ በታላቅ ስም የሚሸጥ ሰዓት ሁሉ፣ ቢነገርም ባይነገርም፣ ስለ አንድ ውድቀት ይናገራል።

በጅቡቲ የምንኖር ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው ወደዚህች ከተማ መጡ። ከሁለት ቀን በኋላም ኢንተርፕራይዝ በተባለ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከወደባችን ተሳፈሩ። ሰኔ 23 ቀን በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው በአገራቸው ላይ የደረሰውን ግፍ አሰሙ፤ የሰማቸው እንጂ የረዳቸው አልነበረም። ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ወደ ስዊዘርላንድ የተመለሱት የጉባኤው ከሳሽ ሆነው ሳይሆን የመንግሥት እንግዳ ሆነው ነው፤ ያ ሰዓትም የተሰጣቸው ያኔ ነው። እንግዲህ ስጦታው ለእኛ የሚናገረው ለአንድ የጄኔቫ ተጫራች ከሚናገረው በላይ ነው። በዚያው ምድር ጆሮ የተነፈገ ሰው በዚያው ምድር እጅ መንሻ ተቀበለ። ይህ የትርጉም ክብደት በዋጋው ውስጥ አለ፤ ትርጉሙን የፈጠሩት ግን ተጫራቾቹ አይደሉም፤ ስደቱንና መመለሱን የኖረው ሕዝብ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እንታዘብ። ይህ ሁሉን ቀን ያውቃል የተባለለት ሰዓት የባለቤቱን የገዛ ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ጳጉሜን አያውቃትም፤ አሥራ ሁለቱን ወር በሠላሳ ሠላሳ ቀን መቁጠርም አልተሠራለትም። ቀትርን «ስድስት ሰዓት» ለሚል አገር ቀትሩን አሥራ ሁለት ብሎ የሚያሳይ ነው። በዚህች ከተማ «በስምንት ሰዓት እንገናኝ» ስንባባል «በኢትዮጵያ ወይስ በፈረንጅ?» ብለን የምንጠያየቅ ሰዎች ይህ አይጠፋንም። የስዊስ ጥበብ ከፍ ያለ ቢሆንም የተሠራው ለሌላ ቀን አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ሰዓቱ ከመሣሪያነቱ ይልቅ የክብር ምልክትነቱ ያመዝናል፤ ዋጋው ከስሙ ጋር ይህን ያህል የተቆራኘውም ስለዚሁ ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጥያቄ እንምጣ። ይኸው ሰዓት እ.ኤ.አ. በዚያው በ2017 ቀደም ብሎ ለሽያጭ ከቀረበ በኋላ በባለቤትነት ክርክር ምክንያት ከጨረታው ወጥቶ ነበር። በኋላ ተመልሶ ቀረበ፤ ተሸጠም። ክርክሩ ዋጋውን እንዳልቀነሰው ከውጤቱ ይታያል። ከፖል ኒውማን ሰዓት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የኒውማን ሰዓት ሐረግ ሙሉ ነው። የእኛው ሐረግ መነሻው የታወቀ ነው፤ የመንግሥት ስጦታ። ነገር ግን ከመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው ንብረታቸው ሲወረስና ቤተሰባቸው ሲታሰር ሲሰደድ፣ የቤተ መንግሥት ዕቃ ሁሉ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ለርእሰ ብሔር የተሰጠ ስጦታ የሰውየው ነው ወይስ የአገሩ? በአሜሪካ ሕግ ከተወሰነ ግምት በላይ የሆነ የውጭ መንግሥት ስጦታ የሕዝብ ንብረት ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ግን በዘውዱና በሰውየው መካከል ያለው ድንበር የደበዘዘ ነበር። በዚህ ጽሑፍ እምነት ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወይም ውል ሊዘጋው ይችላል፤ የተመልካቹን ኅሊና ግን አይዘጋውም። ሻጩ ሕጋዊ ባለቤት ቢሆንም እንኳ የሸጠው ነገር ትልቁ ክፍል፣ ማለትም ስሙ፣ በሻጩ ብቻ የተፈጠረ አይደለም።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ዕቃ በደላንታ ሜዳ በሐራጅ ሸጦ ገንዘቡን ለወታደሮቹ አከፋፈለ። ያኔም ዕቃውን ያስወደደው የንጉሡ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ሌላ ነገር ታየ። ከመቅደላ የተወሰዱ ጥቂት ዕቃዎች በእንግሊዝ አገር ለጨረታ ሊቀርቡ ሲሉ የኢትዮጵያ መንግሥት ተቃወመ፤ ከጨረታው ወጡ፤ ሼሄራዛድ የተባለ ፋውንዴሽንም ገዝቷቸው ለአገራቸው መለሳቸው። ያ ዋጋቸውን የጨመረ ስም፣ ያው ስም አስመለሳቸው። በእርግጥ የተዘረፈና በስጦታ የተሰጠ ነገር አንድ አይደለም፤ አንድም ሊደረግ አይገባውም። ሁለቱ የሚያስተምሩት ግን አንድ ነው፤ ስምን ወደ ዋጋ የሚለውጥ ሁሉ ስሙ የሚያስነሣውን ጥያቄ አብሮ ይገዛል።

ለሐራጅ ቤቶች ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። እነርሱ ባይኖሩ ብዙ ዕቃ በሣጥን ውስጥ ስሙን ረስቶ ይቀር ነበር። ማስረጃ የሚፈልጉት፣ ፎቶግራፍ የሚያገላብጡት፣ ምስክር የሚጠይቁት እነርሱ ናቸው። ጥፋታቸው የሐረጉን መነሻ ማድመቃቸው፣ መጨረሻውን ግን በለሆሳስ ማለፋቸው ነው። ንጉሡ ዕቃውን እንዴት እንዳገኙት በረጅሙ ይተረካል፤ ዕቃው ከንጉሡ ቤት እንዴት እንደወጣ ግን በአንድ ሐረግ ይታለፋል። ሙሉ ዋጋ የሚጠይቅ ሙሉ ታሪክ ይንገር፤ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው።

ነገሩ የነገሥታት ብቻ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የዘውድ ምልክት ያለባቸውን ሰዓቶች ለእንግዶችና ለአገልጋዮች ይሸልሙ ነበር። በባቡሩ መስመር ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋም እስከዚህች ወደብ በተሠራጩ ቤተሰቦች ዘንድ፣ የአያት ሽልማት ተብሎ የተቀመጠ ሰዓት፣ ኒሻን ወይም ብዕር ቢገኝ አያስደንቅም። ብዙውን ጊዜ ዕቃው ይኖራል፤ ወረቀቱ ይጠፋል። ማን ሰጠ፣ ለማን ተሰጠ፣ በምን ምክንያት፣ በየት ቀን የሚለውን የሚያውቁት አዛውንት ሲሞቱ ስሙም አብሮ ይቀበራል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ወርቁና ግራሙ ነው፤ የወርቅ አንጥረኛውም የሚመዝነው ያንኑ ነው።

ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ቤት ያለ ሰው ሰዓቱን ለመሸጥ ባያስብም የሰዓቱን ታሪክ በወረቀት ያስፍር፤ ፎቶግራፉን ከዕቃው ጋር ያስቀምጥ፤ አዛውንቱን በሕይወት ሳሉ ይጠይቅ። ሐረጉን የጻፈ ባለቤት የዕቃውን ትርጉም በእጁ ይዟል፤ ሊሸጠውም ለልጆቹ ሊያወርሰውም ለሙዚየም ሊሰጠውም ይችላል። ያልጻፈ ግን አንድ ቀን ሌላ ሰው ጽፎ ሲሸጠው ከሩቅ ሆኖ ዋጋውን ይሰማል።