በሐምሌ የታየ የገና ከተማ

ከተማም እንደ መጽሐፍ ይነበባል፤ የመንገዶቹ ስም፥ በአደባባዩ የቆመው ሐውልት፥ በሱቁ ደጃፍ የተጻፈው ማስታወቂያ ሁሉ የሠሪውን አሳብ የሚገልጡ ቃላት ናቸውና። ስለዚህ ድርሰት ሲመረመር ይህ አማረ፥ ይህ ጐደለ እንደሚባል ሁሉ፥ ከስሟ ጀምሮ እስከ መብራቷ ምሰሶ ድረስ በአንድ ታሪክ ላይ ታስባ በተሠራች ከተማም ላይ እንዲሁ ፍርድ ቢሰጥ ያለ ቦታው የገባ ነገር አይሆንም።

በሰሜን አሜሪካ፥ ኢንዲያና በምትባለው አገር፥ በስፔንሰር አውራጃ ውስጥ ሳንታ ክላውስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የሕዝቧ ቍጥር 2,500 ያህል ነው። ስሟም በአማርኛ የገና አባት እየተባለ የሚጠራው የዚያ ነጭ ጢም ሽማግሌ ስም ነው። በኢትዮጵያ ዝናሙ በሚበረታበት በሐምሌ ወር በዚያ አገር የበጋ ፀሐይ ያቃጥላል። እንግዳው በአውቶሞቢሉ በበቈሎ እርሻ መካከል ሲጓዝ ቈይቶ ወደ ከተማይቱ ሲገባ፥ ለብርድ አገር የተሰፋ ቀይ ካባ የለበሰ ሽማግሌ ከመንገድ ዳር ቆሞ ያገኛል። ጐዳናው የገና ጐዳና ይባላል፤ ሌላው መንገድ በከረሜላ ምርኵዝ ስም ይጠራል፤ መንገደኞች ድንኳን ተክለው የሚያድሩበት ስፍራ ደግሞ ቀይ አፍንጫ አለው በሚባለው አጋዘን በሩዶልፍ ስም ተሰይሟል። ከሙቀቱ የተነሣ ግንባሩን በመሐረብ የሚጠርግ የቤተ ሰብ አባት በሱቁ ውስጥ ቆሞ ለገና ዛፍ የሚሰቀል ጌጥ ይመርጣል፤ በጌጡም ላይ የልጆቹን ስም ያስጽፋል። ይህን አይቶ መሣቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የሚሥቅ ሰው ሁሉ አስተዋለ ማለት አይደለም።

ከተማይቱ የተቈረቈረችው በ1854 ዓ.ም. ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው)። ነዋሪዎቹ መጀመሪያ ሳንታ ፌ ሊሏት ፈልገው ነበር፤ ዳሩ ግን በዚያው በኢንዲያና ይህን ስም የያዘ ሌላ ስፍራ አስቀድሞ ስለ ነበረ የፖስታ መሥሪያ ቤት አልፈቀደም። ከዚህ በኋላ በ1856 ሳንታ ክላውስ የሚለው ስም ጸደቀ። የአገሩ ሰዎች የሚተርኩት ግን ከዚህ ያማረ ነው፤ በልደት ዋዜማ ሌሊት ሕዝቡ ተሰብስቦ ስለ ስሙ ሲከራከር ከውጭ የደወል ድምፅ ተሰማ፥ ልጆቹም ሳንታ ክላውስ መጣ ብለው ጮኹ ይላሉ። ተረቱ ደስ ያሰኛል፤ እውነተኛው ታሪክ ግን ይልቅ ያስተምራል። ስሙ የተገኘው ደወል ስለ ተሰማ ሳይሆን አንድ የመንግሥት ጸሓፊ ከወንበሩ ሳይነሣ አይሆንም ስላለ ነው። ከዚያም በኋላ ስድሳ ዓመት ያህል ስሙ በገበሬዎች መካከል ያለ ሥራ ተቀመጠ።

ለስሙ ሥራ የሰጠው ጄምስ ማርቲን የሚባል የፖስታ ሹም ነው። ልጆች ለሳንታ ክላውስ ብለው የሚጽፉት ደብዳቤ በስሙ ምክንያት ወደዚህች መንደር ይመጣ ነበርና፥ ማርቲን በ1914 ለደብዳቤዎቹ መልስ ይጽፍ ጀመር። የከተማይቱ የመጀመሪያው እውነተኛ ምዕራፍ በዚህ ሰው ብዕር ተጻፈ ማለት ይቻላል።

ሁለተኛውን ምዕራፍ የጻፉት ነጋዴዎች ናቸው፤ ብዕራቸውም ሲሚንቶ ነበረ። በ1935 ሚልተን ሃሪስ የሚባል ሰው የከረሜላ ቤተ መንግሥት አሠራ፤ በዚያው ዓመት በልደት ቀን ካርል ባሬት የሚባል ሌላ ሰው ቁመቱ 22 ጫማ የሆነ የሳንታ ክላውስ ሐውልት በኮረብታ ላይ አስመረቀ። ሁለቱም ስሙን ለየማኅበራቸው አድርገውት ነበርና፥ ስለ መሬቱም ስለ ተጣሉ፥ ነገሩ እስከ ኢንዲያና የበላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1940 ዓ.ም. የተከበሩት ዳኞች ሳንታ ክላውስ ሳንታ ክላውስን የከሰሰበትን ክርክር መረመሩ። ቀልደኛ ደራሲ ይህን ከራሱ ቢፈጥረው አንባቢው አበዛኸው ባለው ነበር።

ሐውልቱ ዛሬም ቆሟል። ለዓለም ልጆች ሁሉ የተበረከተ ነው፤ መሠረቱም በቤተ ልሔም የታየውን ኮከብ እንዲያስታውስ በኮከብ ቅርጽ ተበጅቷል። ሲመረቅ ከጽኑ ድንጋይ፥ ከግራኒት የተሠራ ነው ተብሎለት ነበር፤ በኋላ ግን ስንጥቁ ሲሚንቶነቱን አወጣበት። በ2011 ታድሶ አሁን ያማረ ሆኗል። ሆኖም ትልቁ ጉድለቱ በስንጥቁ አይደለም፥ በአቋሙ ነው። የዚህ ሽማግሌ ስም ሥሩ በስንክሳር ታኅሣሥ 10 ቀን የሚታሰበው የሜራ ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። የሆላንድ ሰዎች ስሙን ሲንተርክላስ አሉት፤ ከእነርሱም ጋራ ውቅያኖስ ተሻግሮ በእንግሊዝኛ አፍ ሳንታ ክላውስ ሆነ። ዐፅሙ በ1087 ከሜራ ወደ ኢጣልያ ከተማ ወደ ባሪ ፈለሰ፤ መልኩ ግን ከዐፅሙ ይልቅ ርቆ ተሰደደ። በ1863 ቶማስ ናስት የሚባል ሠዓሊ በሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ሣለው፤ በ1931 ደግሞ ሃዶን ሰንድብሎም ለኮካ ኮላ ማስታወቂያ ወፍራምና ጕንጨ ቀይ አድርጎ አሳመረው። የኤጲስ ቆጶሱ መስቀልና አክሊል በዚህ መንገድ ላይ ወደቁ። ቅዱሱ ሀብቱ አልቆበት ሴቶች ልጆቹን ወደ ክፉ ሥራ ሊሰጥ ላሰበ ሰው ወርቁን በመስኮት የጣለለት ማንም በማያይበት ሌሊት ነበረ፤ ሰጪው እንዳይታወቅ ጨለማን መረጠ። ሐውልቱ ግን ከሩቅ እንዲታይ ኮረብታን መረጠ። ሲሚንቶ ግራኒት ነኝ ከማለቱ ይልቅ፥ በስውር የሰጠውን ሰው የመንገድ ማስታወቂያ ማድረጉ ይብሳል።

ይህ መልክ ከአዲስ አበባም አልቀረም። በታኅሣሥ ወር በትልልቁ ሱቅና ሆቴል ደጃፍ የጥጥ ጢሙን አጥልቆ፥ የበረዶ አገር ልብሱን ለብሶ በጠራራ ፀሐይ ይቆማል፤ ልጆችም ከእርሱ ጋራ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ በዚያው ወር ስንክሳር የሚነበብበት ቤተ ክርስቲያን በደጃቸው አለ። የቅዱሱንና የሽማግሌውን ዝምድና የሚነግራቸው ሰው ግን ያገኙ ጥቂቶች ናቸው፤ በዚህ ረገድ የኢንዲያና ነጋዴ ብቻውን ሊወቀስ አይገባውም።

ወደ ከተማይቱ ስንመለስ ሦስተኛው ምዕራፍ ይቀራል። በ1946 ዓ.ም. ሉዊስ ኮክ የሚባል የዘጠኝ ልጆች አባት የሳንታ ክላውስ ምድር የተባለ የልጆች መጫወቻ ስፍራ ከፈተ። ልጆች በስሙ ተስበው እየመጡ ሳንታ ክላውስን ሳያገኙ ማዘናቸውን አይቶ ነው ይባላል፤ ምክንያቱ የአባት ምክንያት ነውና ሊናቅ አይገባም። የተከፈተበትም ቀን ኦገስት 3 ስለ ነበረ፥ በጋና ገና በዚህች ከተማ ከጥንት የተወዳጁ ናቸው። በ1984 ስሙ ተለውጦ የበዓላት ዓለም ተባለ፤ ገናም ሃሎዊን ከሚሉት የጭምብል ጨዋታና ከአሜሪካ የነጻነት ቀን ጋራ ጐን ለጐን የየራሳቸው ሰፈር ተሰጣቸው። የጌታ ልደት ከዱባ ጭምብል ጋራ አንድ አጥር ውስጥ ጎረቤት ሆነ ማለት ነው። በ1993 የውሃ መጫወቻ ተጨመረ፤ በእንጨት መዋቅር ላይ ሽቅብ ወጥቶ ቍልቍል የሚወረወረው ባቡርም ብዙ ሕዝብ ይስባል። ከ2000 ጀምሮ መግቢያውን ለከፈለ ሁሉ ለስላሳ መጠጥ ያለ ዋጋ ይታደላል፤ ከፀሐይ ቃጠሎ የሚጠብቅ ቅባትም እንዲሁ። በዚያ ሙቀት ለተጠማ ልጅ በነጻ የሚያጠጣ ሰው ከሐውልቱ ይልቅ ለኒቆላዎስ ይቀርባልና ይህ ይመስገን።

ሆኖም ይህ ስፍራ የሚከፈተው ከሜይ እስከ ኦክቶበር ብቻ ነው። በዲሴምበር ከተማይቱ መብራቷን አብርታ በዓሏን ታከብራለች፤ ትልቁ የመጫወቻ ደጅ ግን ያን ጊዜ በቍልፍ ነው። ዓመቱን ሙሉ ገና ነው በምትለው ከተማ፥ ብዙውን ሰው የሚቀበለው የገና ስፍራ በገና ቀን ዝግ ነው። ይህን የሚወስነው ብርዱና የትምህርት ቤት ዕረፍት ነው፥ ማንም ክፉ አላሰበም፤ ነገር ግን በዓሉ ከቀኑ ሲለይ በምን ላይ እንደሚያርፍ ከዚህ የበለጠ ግልጥ ማስረጃ አይፈለግም።

እዚህ ላይ ፈራጁ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ልደትን በሐምሌ ማሰብ በራሱ ነውር ነው ሊባል አይችልም፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በየወሩ በ29 በዓለ ወልድን ታከብራለችና። ሐምሌ 29 ቀን በጭቃና በዝናም ጋቢውን ተከናንቦ ቅዳሴ የሚሄድ ምእመንም ልደቱን እያሰበ ነው። የሩቅን ስም አምጥቶ በአገር ምድር ላይ መትከልም ነውር አይደለም፤ በላሊበላ ወንዙ ዮርዳኖስ፥ ቤቶቹም ጎልጎታና ደብረ ሲና ይባላሉ። እንግዲህ በወሩም በስሙም የሚሥቅ ሰው በራሱ ቤት ላይ ሊሥቅ ነው።

ልዩነቱ ስሙ ከመጪው ሰው በሚጠይቀው ነገር ነው። ለገና ወደ ላሊበላ የሚወጣው ምእመን አስቀድሞ ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያትን ጾም ይጾማል፤ ብዙ ቀን በእግሩ የሚመጣም አለ፤ ሌሊቱን ቆሞ ያድራል፤ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከዐለቱ አፋፍ ላይና ከሥር ሆነው ቤዛ ኵሉ ሲያሸበሽቡ ሲያይ፥ ያ ሰዓት የብዙ ሳምንት መልስ ነው። ነቢያት ዘመናቸውን ሁሉ የጠበቁትን እርሱ በጥቂቱ ጠብቋል። በሐምሌ 29 የሚመጣውም ቢሆን መታሰቢያውን ያደርጋል እንጂ የታኅሣሡን በዓል አስቀድሞ አይበላውም። የኢንዲያናዋ ከተማ ግን ከመጪው የምትጠይቀው የመግቢያ ዋጋ ብቻ ነው። በድርሰት ዐይን ሲታይ፥ የመጨረሻው ገጽ ብቻ ደጋግሞ የታተመበትን መጽሐፍ ትመስላለች፤ ገጹ ያማረ ነው፥ ሥዕሉም ደማቅ ነው፥ ነገር ግን ሕፃኑ ሲወለድ ደስ እንዲለው አንባቢው አስቀድሞ በጨለማው ውስጥ መቀመጥ ነበረበት።

የሚገርመው፥ ይህን የጐደለውን ገጽ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው በስፔንሰር አውራጃ፥ ከተማይቱ በተቈረቈረችበት በዚያው በ1854 ዓ.ም.፥ ከስዊስ አገር ከአይንሲድልን ገዳም የመጡ የቤነዲክቶስ መነኰሳት የቅዱስ ማይንራድን ገዳም መሠረቱ። ገዳሙ እስከ ዛሬ አለ፤ መነኰሳቱ በየሰዓቱ ይጸልያሉ፤ በካቶሊካውያን ሥርዐት ከልደት በፊት ያሉትን አራት የመጠበቂያ ሳምንታትም ይጠብቃሉ። በሐምሌ ወር በገዳሙ የሚሰማው መዝሙር የሐምሌ መዝሙር ነው። አንድ አፈር፥ አንድ ዓመት፥ ሁለት መጻሕፍት። ጎብኚው ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ አንብቦ ይመለሳል።

ስለ ከተማይቱ የሚነገረው ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ በዚህ ባለቀ ነበር። ነገር ግን የፖስታ ሹሙ ሥራ አልሞተም። በየዓመቱ በዲሴምበር ከብዙ አገር የሚመጣውን የልጆች ደብዳቤ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ የከተማይቱ ሰዎች ተቀምጠው ይመልሳሉ፤ ቍጥሩም በሺህ የሚቈጠር ነው። ይህ ነገር ግን ቀላል ያልሆነ ጥያቄ ያስነሣል። በሌላ ስም የሚጽፍ ሰው ልጅን ያታልላልን? እውነትን ማስተማር የተሰጣቸው ካህናትና መምህራን ይህን በቀልድ ሊያልፉት አይገባም፤ ዛሬ ስለ ሽማግሌው የተዋሸ ልጅ ነገ ስለ ሕፃኑም የተነገረውን ይጠራጠር ይሆናልና። በሌላ ወገን ግን መልሱን የሚጽፈው ሰው ስሙን አያኖርም፤ ከልጁም ምስጋና አይቀበልም፤ ይህም በመስኮቱ በኩል ወርቅ የጣለውን እጅ ይመስላል። ደግሞም ደብዳቤ የሚጽፍ ልጅ ሁሉ መጫወቻ ብቻ አይለምንም፤ የታመመች እናት ያለው ልጅ የሚለምነው ይታወቃል። ስለዚህ መለኪያው በወረቀቱ ግርጌ ያለው ስም ሳይሆን በመካከሉ የተጻፈው ተስፋ ነው። መላሹ ሊፈጽም የማይችለውን ቢምል ሐሰተኛ ነው፤ ልጁን ሰማሁህ ብሎ ቢያጽናናው ግን በማንም ስም ይጻፈው፥ የቅዱሱን ሥራ ሠርቷል። ሐውልቱና ባቡሩ ሁሉ ቀርተው ይህ ሥራ ብቻ ቢተርፍ ከተማይቱ ስሟን ልትይዝ ይገባታል።

በ1856 ዓ.ም. የነበረው አሮጌው የፖስታ ቤት ዛሬ በከተማይቱ ቤተ መዘክር ቅጥር ውስጥ ይገኛል። ውሃ ሲጫወቱ የዋሉ ልጆች ፀጕራቸው ሳይደርቅ ወደዚያ ገብተው፥ በጠረጴዛው ፊት ተቀምጠው ለሳንታ ክላውስ ይጽፋሉ። በሐምሌ የተጻፈው ደብዳቤ መልሱ የሚላከው በዲሴምበር ነው፤ እስከዚያ ድረስ ልጁ ይጠብቃል።